የሲስተር ታደለች ነጥብ በነጥብ

ቶሎሳ በአጨዳ ወራት ኮምባይነሩን ለማንም አያቆምም። እናቱ ስትደውልለት እንኳ ሞተሩ እያጓራ ነው የሚያነሳው፤ ግማሹን ሳይሰማ «እሺ እማዬ» ብሎ ይዘጋዋል። ባለፈው ኅዳር ከኢተያ ሲደውልልኝ ግን ከጀርባው ምንም ድምፅ አልነበረም። ያስደነገጠኝ ጸጥታው ነው።

«ሞተሩን አጥፍተህ ነው?» አልኩት።

«አጠፋሁት። ሲስተር ታደለች አርፈዋል። ዛሬ ጠዋት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ እህታቸው ቤት።»

ሳጉሬ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሒሳብ ፈተና እያረምኩ ነበር። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የእሳቸውን መዝሙር ሁለተኛ ድምፅ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ቶሎሳም ከማዶ አራተኛውን፣ ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ገባ። በስልክ ሁለት ሰው አብሮ መዘመር አይችልም፤ ድምፁ እየዘገየ ይመጣል። ተደነቃቀፍን፣ ሳቅን፣ ያለቀስነው ከዚያ በኋላ ነው። ባልደረቦቼ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ያዩኝ ነበር።

ስለ እሳቸው ግን በሐዘን ድምፅ መጻፍ አይሆንልኝም። ሲስተር ታደለች እኔ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚደሰቱበትን ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፣ ደስታቸውም እንደ ጉንፋን ይጋባል። ከሆሳዕና ተመድበው የመጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ የሚቸኩሉ፣ የአሰላን ብርድ አልችለው ብለው ከነጭ ጋውናቸው በላይ አረንጓዴ ሹራብ የሚደርቡ። የከተማው ልጅ ግማሹ በእጃቸው ነው የተወለደው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እኚህ ሴት ከማዋለጃ ክፍል በተረፋቸው ጊዜ ሁሉ፣ አውሮፓውያን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ብዙ ድምፆችን በአንድ ላይ ያስኬዱበት የነበረውን ጥበብ ያስተምሩ ነበር። በነጻ! አሰላ ላይ! ለእኛ!

እኔ የገባሁት በስህተት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ነጥብ በነጥብ። ነጻ ትምህርት። ለሁሉም ክፍት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ።» ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነጥብ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው። ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ከእኛ ቤተ እምነት ያልሆኑ፣ በሩንም ረግጠው የማያውቁ ልጆች ካልኩሌተር ይዘው መጡ። ልጆቻቸውን አስቀምጠው ከኋላ የቆሙ አባቶችም ነበሩ።

ሲስተር ታደለች በሩ ላይ ሲደርሱ ቆመው ቀሩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ይህ ሁሉ ሰው?» አሉ። «ይህ ሁሉ ሰው ይህን ነገር ፈልጎ ነው የመጣው?»

እንባ ባይናቸው ሞልቶ ነበር። ከፊት የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና «ሲስተር፣ በፊዚክስ ነው ወይስ በሒሳብ የምንጀምረው?» አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አንዲት ድቡልቡል ነጥብ አኖሩ። «የእኔ ነጥብ ይቺ ናት» አሉ። የጥንቶቹ ሰዎች የዜማ ምልክቱን ነጥብ ይሉት እንደነበር፣ ትምህርቱም በአንዱ ነጥብ ትይዩ ሌላ ነጥብ ማቆም እንደሆነ ነገሩን። ሕዝቡ እያጉረመረመ ወጣ። እኔ የቀረሁት ዝናብ ስለነበር ነው። እውነቱ ይኸው ነው፣ ጃንጥላ አልያዝኩም።

«አንቺ፣ የምታውቂውን መዝሙር ዘምሪ» አሉኝ።

ዘመርኩ። እሳቸው ሌላ ነገር ዘመሩ። ሌላ ነገር! እኔ ወደ ላይ ስወጣ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ስቆም ይሄዳሉ፣ ስሄድ ይቆማሉ። አሁን ተጋጨን፣ አሁን ተጋጨን እያልኩ ስጨነቅ መጨረሻዋ ላይ ደርሰን አንድ ቦታ ገጠምን። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ዝናቡ መቼ እንዳባራ አላውቅም።

ትምህርቱን ከየት እንዳመጡት ስንጠይቃቸው ታሪኩን በየጊዜው እንደ አዲስ ይነግሩን ነበር። በወጣትነታቸው አቦምሳ ጤና ጣቢያ ሲሠሩ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ሲሄድ በፍላሽ ሙዚቃ ትቶላቸው ሄደ። ያለ መሣሪያ የሚዘምሩ ሰዎች ናቸው። ሲስተር በዚያ የአቦምሳ ሙቀት ቁጭ ብለው አንድ ጥያቄ ብቻ ያዛቸው፦ እነዚህ ሰዎች ሁሉም የየራሱን እየዘመረ እንዴት አይጋጩም? የሚያስተምራቸው ሰው አልነበረም። ቆይተው ግን በኢንተርኔት አንድ ነገር አገኙ። እነዚያ የጥንት ዘማሪዎች ራሳቸው የተማሩባቸው መጻሕፍት በየቤተ መጻሕፍቱ ፎቶ ተነስተው ለማንም በነጻ ተለቀዋል። ችግሩ ላቲንና ጣልያንኛ መሆናቸው ነው።

«ላቲን አውቅ የለ እንዴ!» ይሉናል ዓይናቸው እያበራ። «የሰው አጥንት ስም ሁሉ ላቲን ነው። የመድኃኒት ትእዛዝ ላቲን ነው። ኮንትራ ሲል በደንብ ነው የማውቀው፤ ለሕመምተኛው የማይስማማ መድኃኒት ላይ የሚጻፍ ቃል ነው። መጽሐፉ ነጥብ ኮንትራ ነጥብ ሲለኝ ገርሞኝ ሞትኩ። ፊት ለፊት ቆሞ የሚስማማም ኮንትራ አለ ለካ!»

በአጥንት ስም የጀመሩትን ላቲን በመዝገበ ቃላት እየሞሉ፣ መስመር በመስመር፣ ዓመታት ፈጅተው አነበቡት። ከመጻሕፍቱ በአንዱ ላይ የጥንቶቹ ሰዎች የሚጽፉበትንና የሚያጠፉትን ሰሌዳ ይይዙ እንደነበር ሲያነቡ፣ ከሆስፒታሉ የተጣለ የራጅ ፊልም ለምነው አመጡልን። በመርፌ አምስት መስመር ይጭሩበታል፣ በማርከር እንጽፋለን፣ በአልኮል የተነከረ ጥጥ እናጠፋለን። የመጀመሪያ ዜማዬን የጻፍኩት በማላውቀው ሰው ጎድን አጥንት ላይ ነው።

ሲያስተምሩ አዋላጅነታቸው አይለቃቸውም። ትንፋሽ የሚያልቅበት ቦታ ስንደርስ «ገና! ገና! እንዳትገፊ! ሳቢ... አሁን ግፊ!» ይላሉ። ቶሎሳ «እኔ ወንድ ነኝ እኮ ሲስተር» ሲላቸው «አንተም ግፋ» ይሉታል። ዋናውን ዜማ ባለቤት፣ የሚጨመርበትን ድምፅ እንግዳ ይሉታል። «እንግዳ የራሱን ጨዋታ ይዞ ይመጣል እንጂ የባለቤቱን አፍ እያየ አይደግምም» ይሉናል።

ከሕጎቹ ሁሉ የሚበልጥባቸው አንድ ነበር። ሁለት ድምፆች በአምስት ደረጃ ተራርቀው ቆመው፣ ያንኑ ርቀት እንደያዙ አብረው ከተራመዱ ኃጢአት ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱ አዳራሹ ውስጥ ቶሎሳን ከጎናቸው አቁመው፣ እግር በእግር፣ እኩል እኩል እየረገጡ ይሄዳሉ። «ከሩቅ ያየን ሰው ስንት ነን ይላል? አንድ። አንዳችን ጠፋን!» ከዚያ በኋላ በራጃችን ላይ ያን ስህተት ባዩ ቁጥር አንድ ጩኸት ነው ያላቸው፦ «ሰው ጠፋ!» ማርከሩን ይነጥቁናል። «ሰው ጠፋ! ፈልጊው!» ስህተቱ ደጋግሞ የሚገኘው እኔ ጋ ነው።

ከመጻሕፍቱ አንዱ መምህርና ተማሪ ሲነጋገሩ የሚያሳይ ነው። እሳቸው እየተረጎሙ መምህሩን ሆነው ሲያነቡ እኛ በየተራ ተማሪውን እንሆናለን። ተማሪው በየገጹ ይሳሳታል፣ በየገጹ ይገሠጻል። ቶሎሳ «ይህ ልጅ አርሲ ተወልዶ መሆን አለበት» ብሎ በሳቅ ይገድለናል። አንድ ቀን ግን ኮስተር ብሎ «ሲስተር፣ የፈረንጅ ሕግ ለእኛ መዝሙር ምን ይሠራል?» አላቸው።

«ኮምባይነሩን ማን ሠራው?» አሉት።

«ፈረንጅ።»

«ስንዴው የማን ነው?»

ቶሎሳ አናቱን አከከና ተቀመጠ።

ዓመታት ሄዱ። እኔ አሰላ ላይ ተምሬ መምህርት ሆንኩ፣ ሌላው ተማሪ እየተንጠባጠበ ቀረና አራት ብቻ ቆየን። አንደኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ የምትይዘው ባንክ የምትሠራው ሰናይት ናት። እኔ ሁለተኛውን። ደረጀ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሦስተኛውን፣ ማለት ባለቤቱን ዜማ። ቶሎሳ ከሥር። ሲስተርም ለእኛ ብለው አንድ መዝሙር በአራት ድምፅ ጻፉ። ባለቤት ያደረጉት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ገመዳ በጎልማሳነታቸው በአፋን ኦሮሞ የደረሱትን ዜማ ነው።

አራቱን ድምፆች አንዱን ከሌላው ሥር ደርድረው አልጻፉም። የጥንቶቹ እንደዚያ አይጽፉም፤ ለእያንዳንዱ ዘማሪ የራሱን ብቻ ነው የሚሰጡት፣ የሌላውን በጆሮው ይፈልግ። ሰናይት «በኪቦርድ ሁሉንም አንድ ላይ ሞክረው ይዩት» ስትላቸው «ኪቦርድ አይተነፍስም» አሏት።

በዚያው ሰሞን ዝውውራቸው ጸደቀ። የታመሙ እናታቸውን ለማስታመም ወደ ሆሳዕና ልቀየር ብለው ሲያመለክቱ ኖረው ነው። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፣ ደስም አላቸው፤ ግን በዚያ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ሰማሁት። «ከአቦምሳ ጀምሮ ስጽፍ ኖሬያለሁ» አሉ። «የጻፍኩት በአራት ሰው ጉሮሮ ሲወጣ አንድም ቀን አልሰማሁም። ሳልሰማ ልሂድ?»

በምስጋናው እሑድ እንድንዘምር እንዲፈቀድልን ሽማግሌዎቹን ጠየቅን። ኦቦ ገመዳ ሲስተር ባሉበት ሦስታችንን አዳራሹ ውስጥ አዘመሩን፤ ቶሎሳ ለአጨዳ ወጥቶ ነበር። እንደጨረስን ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ሲስተር፣ እርስዎን እንወድዎታለን» አሉ። «የልጅ ልጆቼን ያዋለዱ እርስዎ ነዎት። ይሄ ነገር ግን አይሆንም። ዜማዬን አወቅሁት፣ መንገድ ላይ እንዳገኙት ሰው። ግን ሦስት አራት ሰው አንዴ ሲናገር እኛ አገር ጠብ ነው የሚባለው። በአንድ ድምፅ ይዘምሩ።»

ሲስተር ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ በንዴት ልፈነዳ ነበር።

በዚህ መሀል የኦቦ ገመዳ ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ ከሳጉሬ ገበያ ሲመለሱ ሰላም ሊሏቸው ብቅ አሉ። ኦቦ ገመዳ ተነሱ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ አርሲዎች እንደሚያደርጉት ሰላምታውን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለቀቁት። «አከም ጅርታ? ፈያዳ? መኒን ነጋዳ? ሎን ነጋዳ?» አንዱ ስለ ቤቱ ሲጠይቅ ሌላው ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ አንዱ ሲመልስ ሌላው ይመርቃል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ማንም ማንንም አያቋርጥም። እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄዶ በመጨረሻ ሁለቱም እኩል «ነጋ»፣ ሰላም፣ ብለው አረፉ።

«ይኸው!» ሲስተር ታደለች ከመቀመጫቸው ተስፈንጥረው ተነሱ። ሁላችንም ደነገጥን። «ይኸው! ይኸው! ኦቦ ገመዳ፣ ማን ነው ቀድሞ የጠየቀው?»

«ማን ያውቃል? ሁለታችንም» አሉ ኦቦ ገመዳ ግራ ተጋብተው።

«አብራችሁ ተናገራችሁ አይደል? የጠየቁዎትን ሰምተዋል?»

«እንዴታ! ላሟ እንደወለደች ነገረኝ።»

«ታዲያ ተጣልታችኋል?»

ከሳጉሬ የመጡት ሽማግሌ «ምንድን ነው የሚሉት እኚህ ሴትዮ?» አሉ። የኦቦ ገመዳ ትከሻ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቁ። ለካስ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሁለት ድምፅ ሲዘምሩ ኖረዋል!

«አንድ ነገር ግን» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ቃሉ ይሰማ። ዜማ በዜማ ላይ ሆኖ ቃሉ እንዳይጠፋብን።»

«ኦቦ፣ በጥንቶቹ ዘማሪዎች ዘመን የነበሩ ጳጳሳትም ቃል በቃል ይህንኑ ነው ያሉት!» አሉ ሲስተር ደስታቸው እየገነፈለ።

ኦቦ ገመዳ ከጳጳስ ጋር መመሳሰላቸው ሙገሳ ይሁን ስድብ ስላልገባቸው ወደ ወዳጃቸው ላም ወሬ ተመለሱ።

የቀረን ችግር ቶሎሳ ነበር። ስንዴው ደርሷል፣ ዝናብ ያስፈራራል፣ ኮምባይነሩ ከኢተያ አይነቃነቅም። ሲስተር የእሱን ድምፅ ራሳቸው ዘምረው በቴሌግራም ላኩለት። እሱም ጋቢና ውስጥ ሆኖ ሲያጠና ከርሞ በሞተር ድምፅ የታፈነ ቅጂ ይልክላቸዋል። «ገና ነህ፣ ትንፋሽህን ሳብ» ብለው ይመልሱለታል። አራታችን አንድ ላይ ሆነን አንድም ቀን አልተለማመድንም።

እሑድ ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ቶሎሳ ፀጉሩ ላይ ገለባ እንደያዘ ገባ። ሲስተር አዲስ የተተኮሰ ቀሚስ ለብሰው ከፊታችን ቆሙ። እጃቸውን አነሱ።

ደረጀ የኦቦ ገመዳን ዜማ ጀመረ። ሕዝቡ የሚያውቀውን ሲሰማ ጎንበስ ጎንበስ አለ። ሰናይት ገባች፣ እኔ ገባሁ፣ በመጨረሻ ቶሎሳ ከሥር ገባ። ወለሉ ከእግሬ በታች የሞቀ መሰለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው መዝሙር ግድግዳና ጣሪያ ወጣለት። የሲስተር ፊት ምን ይመስል እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰው አዲስ የተወለደ ልጅ ሲሰጡት የሚሆነውን ይመስላል ብል ይቀርበዋል።

መካከሉ ላይ ስንደርስ ደረጀ አንድ እርከን ከፍ አለ፣ ቶሎሳም ከሥሩ እኩል ከፍ አለ። የሲስተር እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ሰው ጠፋ!» ብለው ጮኹ።

በሙሉ ድምፃቸው፣ በአምልኮ መካከል። እናቶች ልጆቻቸውን ዞር ዞር እያሉ መፈለግ ጀመሩ። አስተናጋጁ ወደ በሩ ሮጠ። ከኋላ አንዲት ሴት «የማን ልጅ ነው?» አለች። እኛ እየዘመርን መሳቅ አንችልም፣ መሳቅ ግን ጀምረናል፤ ሁላችንም ተንኮታኩተን ቆምን።

ኦቦ ገመዳ በከዘራቸው ወደ ፊት መጡ። «ሲስተር፣ ማነው የጠፋው?»

«እኔ ነኝ ኦቦ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ!» ሲስተር ታደለች በአንድ ጊዜ ይስቁም ያለቅሱም ነበር። «እነዚህን ልጆች በዚህ ስህተት ሳሳድዳቸው ኖሬ፣ በራሴ መዝሙር ውስጥ ተቀምጧል! ስንት ጊዜ አየሁት፣ አልታየኝም። አሁን ሰማሁት!»

«ታዲያ ተበላሸ?»

«አልገባዎትም ኦቦ! ሰማሁት እኮ! በጆሮዬ ሰማሁት!»

ኦቦ ገመዳ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ልጅ ፍለጋ የተነሳው ተነስቷል፣ አንዳንዷም የነጠላዋን ጫፍ እያስተካከለች ለመውጣት ተዘጋጅታለች።

«ቁጭ በሉ» አሉ። «ማንም እንዳይወጣ። እንደገና ይዘምራሉ።»

ሲስተር ወደ ቶሎሳ ጠጋ ብለው ጆሮው ላይ «እዚያ ጋ አትውጣ፣ ውረድ» አሉት። ከዚያ ሊመሩን አልቆሙም። ሹራባቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው ሄዱና ከኦቦ ገመዳ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ እንደማንኛዋም ምእመን፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው።

ደረጀ ጀመረ። ሰናይት፣ እኔ፣ ቶሎሳ። መካከሉ ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደረጀ ወጣ፣ ቶሎሳ ወረደ፣ እኔም በመካከላቸው በተከፈተው ቦታ አለፍኩ። ገና መዝሙሩ ሳያልቅ፣ ከሕዝቡ ሁሉ ቀድመው፣ ሲስተር ታደለች ጮክ ብለው «አሜን» አሉ።